ጭነት የማይታይበት ቀን

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት ዓመተ ምሕረት ጥር ወር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ የሰባት መንግሥታት ፈረሰኞች አዳማ ላይ እንዲሽቀዳደሙ ተወሰነ። አዳማ ለምን እንደተመረጠች በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ ሜዳዋ ለጥ ያለ ስለሆነ ነው አለ፤ ሌላው ባቡሩ እንግዶቹን ጠዋት አምጥቶ ከሰዓት በኋላ ስለሚመልሳቸው ነው አለ። እኛ የከተማው ሰዎች ግን በመልካችን ነው የተመረጥነው ብለን ደመደምን። ከተማችን በዚያን ጊዜ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ሆቴልና ቁጥሩ የማይታወቅ አህያ ነበራት።

ችግሩ አህያው ነበር። የከተማው ገዥ ቀኛዝማች ሐዲስ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው፣ «ፈረንጅ አገራችንን በአህያ እንዲያውቃት አልፈልግም» አሉ። ፈረንጅ አገር አህያ አለመኖሩን ማን እንደነገራቸው አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም። በፈረሱ ቀን አንድም የተጫነ ከብት በከተማው እንዳይታይ፣ ከተማውም አንድ ነገር እንዳይጎድልበት፣ ሁለቱን የሚያስታርቅ ዕቅድ በጽሑፍ እንዲቀርብላቸው አዘዙ። ሥራው ለጸሐፊ ወልደአማኑኤል ተሰጠ።

ወልደአማኑኤል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሹመት ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ለራሱ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጣቢያው ኬላ ሹም መሆን። የኬላ ሹም በበቅሎ ይሄዳል፣ ከኋላው ጃንጥላ የሚይዝለት ሰው አለው፣ ነጋዴ ሲያየው ከመንገድ ይወርዳል። የቀድሞው ሹም ከሞቱ ወዲህ ወንበሩ ባዶ ነበር። ቀኛዝማች ይህን ያውቃሉ። «ነገሩ ያለ እንከን ካለፈ ኬላው ያንተ ነው፤ በቅሎዋም ጭምር። ካበላሸህ ግን ብዕርህን ለሌላ ታስረክባለህ» አሉት። ወልደአማኑኤል ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ለእልፍነሽ ነገራት። እልፍነሽ ባሏን ስለምታውቅ ብዙም አልተደሰተችም፤ ግን ለሹመቱ ድግስ ይሆናል ብላ ብቅልና ጌሾ ማዘጋጀት ጀመረች።

እሱ ስድስት ቀን ከጽሕፈት ቤቱ ሳይወጣ ዕቅድ ሠራ። ጭነትን ለማወቅ ጭነት ማየት አያስፈልግም ባይ ነበር። የከተማውን መንገድ ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም አሰመረ፤ ወረቀቱ ላይ አቧራም ዳገትም ስላልነበረ ሁሉም ነገር በፍጥነት ሄደለት። ሰባት መንግሥታት ስለሚመጡ አንቀጾቹንም ሰባት አደረጋቸው። አራተኛው ላይ ሐሳብ አልቆበት ነበር፤ ነገር ግን አንዱን መንግሥት ማስቀየም ስላልፈለገ ሦስተኛውን በሌላ አነጋገር ደገመው።

ፍሬ ነገሩ ይህ ነበር። ከማክሰኞ ጀምሮ አዋጁ እስኪሻር ድረስ የተጫነ ከብት በከተማው መንገድም በጣቢያው በርም አይገባም፣ አይወጣም፤ ያልተጫነ ከብት ግን ይለፍ። በዕቃ ፉርጎ የመጣ ሁሉ ጭነት ነው፤ ጭነት ከጣቢያው ግቢ አይወጣም። ከመቂም ሆነ ከወለንጪቲ የሚመጣ ነጋዴ ከብቱን ከከተማው ውጭ ባለው ሜዳ ላይ አቁሞ ይጠብቅ። በሰባተኛው አንቀጽ ላይ ጥብቅነቱ እንዲታወቅለት ሲል፣ «እኔ ጸሐፊው ራሴ መጥቼ ብለምን እንኳ አይፈቀድ» ብሎ ጨመረ። ይህችን ሦስት ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበባት፤ ሦስተኛው ላይ ዓይኑ እንባ ሞላ።

አዋጁ ከመታወጁ በፊት ከሪማ መጣች። ከሪማ ከወሎ የመጣች፣ ሰባት የውኃ አህዮች ያሏት ባልቴት ናት። አህዮቿ ነጂ አይፈልጉም። አዋሽ ዳር ውኃውን ጭና ጀርባቸውን መታ ስታደርጋቸው እያንዳንዱ ወደ ደንበኛው ቤት ይሄዳል፤ በሩ ላይ ቆሞም እስኪያራግፉለት ይጠብቃል። አንደኛው የቀኛዝማች ሐዲስ፣ ሌላው የሆቴሉ፣ ሌላው የራሱ የወልደአማኑኤል ቤት አህያ ነበር።

«ጌታ ጸሐፊ፣ ውኃውስ እንዴት ሊሆን ነው?» አለችው።

«ውኃ ጭነት ነው።»

«ሲጠጡትስ?»

«ሲጠጡት ጭነት አይደለም። አህያ ላይ ሳለ ነው ጭነት።»

«እንግዲያ ሕዝቡ አዋሽ ወርዶ ይጠጣ?»

«ዕቅዱ ይህን አይከለክልም» አለ ወልደአማኑኤል፣ ለሕዝቡ ማሰቡ ራሱን ደስ እያሰኘው።

ከሪማ ወረቀቱን ጎንበስ ብላ አየች። «ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?»

«መንገዱ ነዋ።»

«ሃያ ዓመት ሄጄበታለሁ። እንዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም።»

«እዚህ ላይ ቀጥ ካለ ያኛውም ቀስ በቀስ ይለምዳል።»

«አህዮቼንስ የት ላቁማቸው?»

«ሜዳው ላይ።»

«ያ ሜዳ እኮ ጌታዬ...»

«እትዬ ከሪማ፣ እርስዎ አህያውን ያውቃሉ፤ ዕቅዱን ለእኔ ይተዉት።»

«እሺ፤ አላህ ያሳየን» ብላ ወጣች። ከአዳማ ውጭ ለጥ ያለ ሜዳ አንድ ብቻ ነበር። የፈረስ እሽቅድምድሙን ቦታ የሚያሳየው ወረቀት ግን ሌላ መሳቢያ ውስጥ ስለነበር ወልደአማኑኤል ሁለቱን አላገናኛቸውም።

ሰኞ ነጋሪቱ በበቅሎ ተጭኖ ገበያ ወረደ፤ ተጎሰመ፤ ሰባቱም አንቀጽ ተነበቡ። ነጋሪቱን የተሸከመችው በቅሎ አዋጁን በመጣስ የመጀመሪያዋ እንዳትሆን፣ ማክሰኞ ሳይገባ በሩጫ ወደ ቀኛዝማች ግቢ ተመለሰች። አዋጁ በእርግጥም ሠራ። ማክሰኞ በከተማው አንድ የተጫነ አህያ አልታየም። ረቡዕ ውኃ አልታየም።

«ብቅሉ ተፈጭቷል፣ ጌሾው ተወቅጧል» አለች እልፍነሽ። «የሚጠመቅበት ውኃ የለም።»

«ትንሽ ታገሺ፤ ለሹመቴ ነው።»

«ጠላውም ለሹመትዎ ነበር።»

ወልደአማኑኤል ሐሙስ ጠዋት ፊቱን በጠጅ ታጠበ። ዝንቦቹ እስከ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሸኙት።

ቅዳሜ ባቡሩ ደረሰ። የሰባቱ መንግሥታት እንግዶች ባርኔጣቸውን እያነሱ ወርደው ወደ ሜዳው አለፉ። ከዚያ ከኋለኛው የዕቃ ፉርጎ ሰባቱ ፈረሶች በየባልደራሶቻቸው እየተሳቡ ወረዱ፤ ማሠሪያቸው ላይ የዕቃ መላኪያው ወረቀት ተንጠልጥሏል። የጣቢያውን በር የሚጠብቀው ፈዬራ ነው። ፈዬራ ፊደል አይቆጥርም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የሰማውን አይረሳም፣ የታዘዘውንም አያጎድልም። ወረቀቱን አየና እጁን ዘርግቶ፣ «በሕግ አምላክ» አለ። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ካለበት አይነቃነቅም። ባልደራሶቹ ቆሙ፤ ፈረሶቹም ቆሙ።

ወልደአማኑኤል እየሮጠ መጣ። «ፈዬራ፣ እነዚህ እኮ ፈረሶች ናቸው።»

«አያለሁ ጎፍታ። በምን መጡ?»

«በዕቃ ፉርጎ።»

«እንግዲያ ጭነት ናቸው።»

«ጭነት የሚባለው የተሸከሙት ነው። ፈረስ ደግሞ ተሸካሚ ነው።»

«ባቡሩ ተሸክሟቸው መጣ» አለ ፈዬራ።

ወልደአማኑኤል የተረታው በራሱ ሕግ ስለነበር ግማሽ ልቡ ኮራ። ሌላው ግማሽ ግን በቅሎዋን አስቦ ደነገጠ።

«እሺ፤ እኔ ልለምንህ። እኔ ጸሐፊው።»

ፈዬራ ከልቡ አዘነለት። «ሰባተኛውን ረሱት ጎፍታ? በጣም ጥሩ አንቀጽ ነው።»

ወልደአማኑኤል ወደ ሜዳው ገሰገሰ። ቀኛዝማች ሐዲስ አዋጁን ይሻሩልኛል ብሎ ነበር። ሜዳው አፋፍ ላይ ሲደርስ ግን ባለበት ቆመ። እንግዶቹ ድንኳን ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው፣ ፈረሶቹ ሊጋልቡበት በታሰበው ቦታ ላይ፣ የመቂ እህል የጫኑ፣ የወለንጪቲ ከሰል የጫኑ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ በአዋጅ የቆሙ አራት መቶ ያህል አህዮችና ግመሎች ተኝተዋል። እንግዶቹ ፎቶግራፍ ያነሳሉ። ፈረንጅ አህያ እንዳያይ ተብሎ የአገሩ አህያ ሁሉ ከፊቱ ተሰብስቦለታል።

«ወልደአማኑኤል» አሉ ቀኛዝማች በዝግታ። «ከተማው ውስጥ ስንት አህያ አለ?»

«አንድም የለም ጌታዬ።»

«እዚህስ?»

«እዚህ ከዕቅዱ ክልል ውጭ ነው።»

ፈረሶቹ የት እንዳሉ ሲነግራቸው ቀኛዝማች አዋጁን መሻር ፈለጉ። በነጋሪት የታወጀ የሚሻረው በነጋሪት ነው። ነጋሪቱ ግቢያቸው ነው፤ ከግቢው የሚወጣው በበቅሎ ነው፤ ነጋሪት የጫነች በቅሎ ደግሞ የተጫነች ከብት ናት።

«በሰው ትከሻ ቢመጣስ?» አለ ወልደአማኑኤል።

«የእኔ ነጋሪት በሰው ትከሻ? ሞቼ ነው?»

በዚህ መካከል የእሽቅድምድሙ ዋና ዳኛ፣ ረጅም ባርኔጣ ያደረገ ፈረንጅ፣ በአስተርጓሚ ጠየቀ። ባቡሩ በዘጠኝ ሰዓት ይመለሳል፤ እሽቅድምድሙ መቼ ነው የሚጀመረው? ወልደአማኑኤል በቅሎዋ ከነጃንጥላው ስትርቀው ታየችው። አሥራ አንድ ዓመት የተመኘው ነገር በአንድ ከሰዓት ሊሄድ ነው፤ ተቀምጦ ማልቀስ ፈለገ። ሊቀመጥ ዞር ሲል የከሪማን አህዮች አየ። ባዶአቸውን ቆመዋል። ቆጠራቸው። ሰባት ናቸው።

«ጌታዬ፣ ሰባት መንግሥት፣ ሰባት አህያ» አለ። «እንግዶቹ የተጠሩት ለመሽቀዳደም ነው። በምን የሚል አንቀጽ የለም።»

ቀኛዝማች አስተርጓሚውን ጠሩ። አስተርጓሚው ለእንግዶቹ ነገራቸው። እንግዶቹ ውኃ ስላልነበረ ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ሌላውን ሲጠጡ የቆዩ ናቸው፤ እየሳቁ ተስማሙ። ሰባቱም ፈረሰኞች እየተደጋገፉ አህዮቹ ላይ ወጡ።

«ጌታ ጸሐፊ» አለች ከሪማ፣ «እነዚህ መታ ካደረጓቸው የሚያውቁት የደንበኛቸውን ቤት ነው።»

«ሜዳው ጫፍ በተተከለው ባንዲራ ዙሪያ ይዞራሉ። የእሽቅድምድሙ ወረቀት ላይ መንገዱ ክብ ነው።»

«እሺ» አለች ከሪማ። ዳኛው ተኮሰ፤ እሷም እንደታዘዘችው ሰባቱንም መታ መታ አደረገቻቸው።

አህዮቹ ከማክሰኞ ጀምሮ ሥራ ፈትተው ነበር። ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው በተኙት ከብቶች መካከል ሮጡ፤ ባንዲራው ጋ ሲደርሱ አልዞሩም። ቀጥ ብለው ወደ ከተማው ገቡ። ፈዬራ ጣቢያው በር ላይ ስለነበር ያስቆማቸው የለም። ከተማው መሃል ሲደርሱ ተለያዩ፤ እያንዳንዱ መንግሥት በየደንበኛው በር ላይ ቆመ። አንዱ ሆቴሉ ጓሮ፣ አንዱ የቀኛዝማች ሐዲስ ማድ ቤት በር ላይ ደረሰ። አህዮቹ እስኪራገፍላቸው አንነቃነቅም አሉ።

እልፍነሽ አራት ቀን የጠበቀችውን ኮቴ ስትሰማ እንስራዋን ይዛ ወጣች። በሯ ላይ ፊቱ የቀላ፣ እግሩ መሬት የሚነካ ረጅም ፈረንጅ አህያ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን አነሳላት። ወልደአማኑኤል እያለከለከ ከኋላ ደረሰ።

እልፍነሽ ፈረንጁንም ባሏንም አየች። «ውኃ ብዬ አራት ቀን ጠበቅሁ» አለች። «እርስዎ ደግሞ ይሄን ላኩልኝ። የት ላራግፈው?»

አሸናፊውን መለየት ግን አልተቻለም። እያንዳንዱ አህያ እደርሳለሁ ያለበት ቦታ ቀድሞ የደረሰ እሱ ነው። ስለዚህ ሰባቱም አንደኛ ተባሉ። እንግዶቹ በዚህ እጅግ ተደሰቱ፤ ከመካከላቸው አንድም ሁለተኛ የወጣ ስላልነበረ የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ። ፈረሶቹ ከጣቢያው ግቢ ሳይወጡ በመጡበት ፉርጎ ተመለሱ። ቀኛዝማችም ወደ አዲስ አበባ በላኩት ሪፖርት፣ «በዕለቱ ማድረስ የሚገባው ሁሉ ቤት ለቤት በጊዜው ደርሷል» ብለው ጻፉ። የጻፈው እንኳ ወልደአማኑኤል ነው። ከሪማ እሑድ ውኃ ጭና ገባች፤ የከለከላት አልነበረም። ከአንድ ሰው በቀር አዋጁን ሁላችንም ረስተነው ነበር።

በሳምንቱ ወልደአማኑኤል የጣቢያው ኬላ ሹም ሆነ። በቅሎዋን ተቀበለ፤ ጃንጥላ ያዡም ተመደበለት። ኬላውን ሊረከብ በከተማው መሃል እያዘገመ ሲሄድ ነጋዴዎች ከመንገድ ወረዱለት። እንደተመኘው ሆነለት። የጣቢያው በር ላይ ሲደርስ ፈዬራ እጁን ዘረጋ።

«በሕግ አምላክ» አለ።

«ፈዬራ፣ እኔ እኮ ነኝ። ሹምህ ሆኛለሁ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት ጎፍታ። ነጋሪቱ ገና አልተመታም። የተጫነ ከብት አይገባም፣ ያልተጫነ ይለፍ ብለዋል። በቅሎዋ ምን ጭናለች?»

ከኋላው ሰው ተሰብስቧል። ወርዶ በእግሩ መግባት ይችል ነበር፤ ግን የኬላ ሹም በመጀመሪያ ቀኑ ከበቅሎ ሲወርድ ከተማው ሁሉ ሊያየው ነው። አዲሱ ሹም ግራና ቀኙን አየ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ምንም አልጫነችም» አለ።

ፈዬራ ውሸት አያሳልፍም። ከርካቡ ጀምሮ እስከ ጃንጥላው ጫፍ ድረስ ቀስ ብሎ አስተዋለው።

«እውነት ነው» አለና በሩን ከፈተ። «ባዶዋን ናት፤ ትለፍ።»