ዜና መካሪት፤ በልብስ ሰፊው ደጅ ዚፕ ቆመው ሳሉ ስለተሠራላቸው

መካሪቱ የወር ደመወዝ በቃኝ ብለው፣ የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም በአለቃቸው ጠረጴዛ ላይ ጥለው፣ የራሳቸው አለቃ በሆኑ በመጀመሪያው ዓመት፣ በዘመነ ምግብ ጠረጴዛ፣ ላፕቶፓቸው ያለ ገመድ መቆም በተሳነው ወራት፣ የትናንሽ ንግዶች ጋሻ፣ የሱቆች ፋኖስ፣ ንግሥተ ምክር ወጽሕፈት በታላቅ እህታቸው ሳሎን ነግሠው ተቀመጡ። መንግሥታቸውም ከጨው ዕቃው እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ ነበረ።

ወእምዝ ታላቅ እህታቸው፣ የጠረጴዛው ባለርስት፣ ይህን አዋጅ አስነገሩ፦ «አንቺ ልጅ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ደንበኛ ካልያዝሽ ጠረጴዛዬን ትለቂያለሽ፤ የድሮ አለቃሽንም ሄደሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ምሳ በጉልበታችን ላይ መብላት ሰልችቶናል።»

መካሪቱም ይህን በሰሙ ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ልብስ ሰፊ ዘመቱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ቻርጀር ተሸካሚዋና ምላሷ የማያርፈው የእህታቸው ልጅ፣ ማንም ያልጋበዛት የጎረቤት ድመት፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ የፕላስቲክ ወንበር። ልብስ ሰፊውም ከጠዋት እስከ ማታ በከንፈሮቹ መካከል እስፒል ደርድሮ ስለሚውል ሰፈሩ «እስፒሎ» ይለዋል፤ ድምፁን የሰማ ጥቂት ነው። መካሪቱ ላማክርህ ወይ ቢሉት ራሱን ነቀነቀ፤ ስለሥራህ ልጻፍ ወይ ቢሉት ነቀነቀ፤ የተበላሸ ዚፕ ባለቤቱ ቆሞ ሳለ ትሠራለህ አይደል ቢሉት አብዝቶ ነቀነቀ። እርሳቸውም እንዲህ ያለ ታዛዥ ደንበኛ ከየት ይገኛል ብለው በደስታ እየፈነደቁ ገቡና፣ «ዚፕዎ ቆመው ሳሉ ይሠራል» የሚለውን ዝነኛ ጽሑፋቸውን ጽፈው ለሕዝብ ለቀቁት።

በማግስቱ ፀሐይ ሳይሞቅ ባለዚፕ ሁሉ ተነቃንቆ መጣ። ሻንጣዋ አልከፈት ያላት መንገደኛ መጣች፤ ድንኳን በትከሻቸው የተሸከሙ አባትና ልጆች መጡ፤ ጃኬቱ አንገቱ ላይ ተነክሶ አልወልቅ ያለው የስፖርት አሠልጣኝም እያላበው መጣ፤ የሶፋ ትራስ ያቀፉትንማ ማን ቆጥሮ ይጨርሳቸዋል። ታላቅ እህትም ጠረጴዛዬ ሊመለስልኝ ነው ብለው አዲስ የጠረጴዛ ጨርቅ ሊያስጠልፉ በሰልፉ መካከል ቆመው ነበር።

ይህን ጊዜ እስፒሎ ማሽኑን አቆመ፤ እስፒሎቹንም ከአፉ አንድ በአንድ እየለቀመ በእስፒል መሰኪያዋ ትራስ ላይ ሰካ። እንዲህም ሲል አወጀ፦ «ስሙኝማ፣ እኔ እሺ ያልኩት ነገር የለም። ማሽኑ ነው የሚነቀንቀኝ፤ ሲሮጥ እነቀነቃለሁ፣ ሲቆም እቆማለሁ። ለዚፕ ሦስት ቀን ነው የምቀጥረው። እትዬም ቢሆኑ ከዛሬ ጀምሮ እንዳያማክሩኝ።»

መካሪቱም ሰልፉን ሊያደንቁ መጥተው ነበርና፣ የድሮ አለቃቸው ፊት፣ ያ ከጥርስ የማያልፍ ፈገግታው፣ ትዝ አላቸው። ነገር ግን እንደ ተራ ሰው አልሸሹም፤ በርጩማ ላይ ወጥተው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ «የተከበራችሁ ባለዚፖች» ብለው አዋጅ ሲጀምሩ፣ ከደረታቸው መነፋት የተነሣ የቀሚሳቸው ዚፕ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ።

ወዮ ለዚያች ሰዓት! ታላቅ እህት የጠረጴዛውን ጨርቅ ወርውረው ባይጠመጥሙባቸው ኖሮ ታሪክ ሌላ ነገር በጻፈ ነበር። እስፒሎም በሳቅ እያነባ ተንበረከከ፤ መካሪቱ ከበርጩማው ልውረድ ቢሉ ከልክሎ፣ የዚፑን ራስ በጉጠት ጠበቅ ጠበቅ አድርጎ፣ ሽቅብ ቢስበው እንደ አዲስ ተዘጋ። ሕዝቡም እርስ በርሱ ተያየ፤ ጽሑፉ እውነት ነው ተባባለ፤ መካሪቱ ቆመዋልና፣ ዚፑም ተሠርቷልና። ከሁሉ ይልቅ የተደነቀው እስፒሎ ራሱ ነው። ለካ ያ ሁሉ ልብስ ሦስት ቀን የሚተኛው ውስጡ ሰው ስለሌለ ኖሯል፤ ከነባለቤቱ ሲመጣ ማን ያስተኛዋል?

ያን ጊዜ አዲስ አዋጅ ወጣ፦ «የምታሠሩትን እየለበሳችሁ በርጩማው ላይ ውጡ። እትዬም ወደ አማካሪነታቸው ይመለሱ፤ ከእንግዲህ ግን የምሰማቸው ማሽኔን አጥፍቼ፣ እስፒሌን ከአፌ አውጥቼ ነው።» አሠልጣኙም ቀድሞ ወጣ፤ ከጃኬቱም ነጻ ወጣ። ድንኳናቸውን ለብሰው በርጩማው ላይ ስለወጡት አባትና ልጆች ግን መጻፍ ያስቸግራል።

ታላቅ እህትም አዋጃቸውን እንዲህ ሻሩ፦ «ጠረጴዛው ያንቺ ይሁን። ጨርቄን ግን ፍቺልኝ፣ ሰው እያየን ነው።»

ክብር ለመካሪቱ ይሁን፤ ያልሆነውን ጽፈው እንዲሆን ላደረጉ፣ በገዛ ቀሚሳቸው ቃላቸውን ለፈጸሙ! ብዕራቸው አይድረቅ፣ ገመዳቸው አይነቀል፣ ዚፓቸውንም ያጽናላቸው። የቤታቸውም ሰዎች እስከ ዛሬ ምሳቸውን በጉልበታቸው ላይ እየበሉ ይኖራሉ።