የብልቃጧ እናት ከሞት የተረፈችበት ዜና

በዘመነ ሻጋታ፣ በወርኃ ጽልመት፣ የላቦራቶሪው ሹም ጓንት በቁጥር ማደል በጀመሩ በሦስተኛው ዓመት፣ ዐቃቤ ብልቃጥ፣ ሞግዚተ ህዋሳት፣ መዋዒተ ባክቴሪያ የሆኑት እመቤት ጓንቴ በሁለተኛው ፎቅ መንበራቸው ላይ ሳሉ የሆነውን እንጽፋለን። ጓንቴ የተባሉትም ስልክ እንኳ ጓንት ሳያወልቁ ስለሚያነሱ ነው።

እኒህ እመቤት እብጠትና ሕመም የሚያስታግስ ንጥረ ነገር ካለው ቅጠል ቆርጠው፣ የህዋስ ጉብታ አብቅለው፣ ስኳር ባለው ፈሳሽ ጨምረው፣ ቀን ከሌት በሚወዘውዝ ማሽን ላይ ያሳድጉ ነበር። በላቦራቶሪው ቋንቋ የሌሎቹ ብልቃጦች ሁሉ ዘር የሚቀዳባት ብልቃጥ «እናት» ትባላለች። ልጆቿን ሻጋታ ፈጅቷቸው እናት ብቻዋን በቀረችበት፣ የእመቤቲቱም ልፋት ሁሉ በእርሷ ላይ በተንጠለጠለበት ቀን፣ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቆመ፤ ህዋሶቹም ካልተወዘወዙ አየር አጥተው ይታፈናሉና፣ ጄኔሬተሩም ነዳጅ ከቀመሰ ሰንብቷልና፣ እመቤቲቱ ብልቃጧን በእጃቸው ይወዘውዙ ጀመር። ክንዳቸው በዛለ ጊዜም ለባልደረቦቻቸው በስልክ ይህን አዋጅ ጻፉ፦

«እናት ልትሞትብን ነው! ትንፋሽ አጥሯታል! ክንድ ያለው ሁሉ ወደ ላቦራቶሪ ይድረስ!»

ነገር ግን ጓንት ያጠለቀ አውራ ጣት ዐይን የለውምና፣ አዋጁ የደረሰው ለዘመድ አዝማድ ነበር።

ያን ጊዜ ዘመድ ተነቃነቀ። በግንባር ታላቂቱ አክስት፣ መሪተ ሙሾ፣ ደረታቸውን እየደቁ መጡ፤ በቀኝ ሹፌሩ አጎት ተሳፋሪዎቹን ሳያወርድ፣ ተሳፋሪዎቹም አንዴ ከፍለዋልና አብረው እያለቀሱ መጡ፤ በግራ ጸጉር አስተካካዩ የአክስት ልጅ፣ በስተኋላውም ግማሽ ራሱን የተላጨው ደንበኛ መጣ። በደጀን ደግሞ የእመቤቲቱ ወላጅ እናት፣ ሕያዊት፣ ሕምምተ ጉልበት፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አይተው፣ ለማን እንደሚያለቅሱ ሳያውቁ፣ እያነቡና እያነከሱ ደረጃውን ወጡ። አክስቲቱም ዘወር ብለው ሟቿ ከጎናቸው ሲያለቅሱ ባዩ ጊዜ ሙሾው በአፋቸው ደረቀ። ወላጅ እናትም ሟች ማን እንደሆነ በጠየቁ ጊዜ ጣት ሁሉ ወደ እርሳቸው ተቀሰረ።

ነገሩ ፍርጥርጥ ብሎ ትንፋሽ ያጠራት ብልቃጧ እንደሆነች ሲታወቅ ወላጅ እናት እጅግ ተቆጥተው አወጁ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጉልበቴ ሲቆረጥመኝ ከርሞ አንድ ሰው ዝር አላለም፤ ሞተች ሲባል ግን አገር ይገለበጣል! እንግዲህ አልሞትኩም፤ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ!»

ዘመድ ሁሉ አንገቱን ደፋ። እመቤት ጓንቴም ብልቃጧን መወዝወዝ ሳያቆሙ፣ በፊታቸው ተንበርክከው አወጁ፦

«እማዬ፣ ይህች ብልቃጥ የተጀመረችው ስለዚያ ጉልበት ነው! ዘመዶቼ ሆይ፣ ክንዳችሁን አውሱኝ፤ ነገር ግን እንደ ሕፃን እሹሩሩ ትባል እንጂ እንደ ሽሮፕ አትናጥ!»

እናትም ይህን ሰምተው ቁጣቸው በረደ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ብልቃጧን ቀድመው ተቀበሉ። ከእርሳቸው አክስት፣ ከአክስት አጎት፣ ከአጎት ተሳፋሪ፣ ከተሳፋሪ ግማሽ ተላጩ ተቀበለ፤ እሹሩሩም ከፎቁ እስከ መንገዱ ተሰማ። ሞት በዚያች ቀን መጥቶ ነበር፤ የዘመዱን ሰልፍ አይቶ ግን ተመለሰ።

መሸት ሲል መብራት መጣ፣ ህዋሶቹም በማይክሮስኮፕ ታይተው ሕያዋን ሆነው ተገኙ። እናትም አንዲት ማንኪያ ብቻ ልቅመስ ባሉ ጊዜ፣ እመቤቲቱ መድኃኒት እስኪሆን ገና ብዙ ዓመት እንደሚቀረው አቀርቅረው ተናገሩ። እናትም የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

«እኔ ባልደርስባትም ትኑር! የሚያመው ጉልበት መቼም አይጠፋም!»

ይህን ሲሰሙ ዘመዶቹ ወንበሩን ከነእናት አንሥተው፣ ደረጃውን በትከሻቸው አወረዷቸው።

ክብር ለዐቃቤ ብልቃጥ፣ ዝናቸው ከባክቴሪያ ይልቅ ይብዛ! ክብር ለክንድ አበዳሪዎች፣ ለግማሽ ተላጩም ሳይቀር! ከሁሉ በላይ ግን ክብር፣ ዘመድ አስከሬናቸውን ሊሸከም መጥቶ በሕይወት ሳሉ ለተሸከማቸው እናት!