የኢንጂነሩ ላፕቶፕና አራቱ ብርጭቆዎች

ሰው ሁሉ አዲስ ነገር ይወዳል የሚል ካለ አዳማ ይምጣና ጠሃን ይይ። ዓለም አዲስ ጌም ሲያወርድ፣ ያረጀ የኳስ ጌም ባረጀ ላፕቶፕ የሚጫወት ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የጠሃ ሥራ መለዋወጫ መሸጥ ነው። «ኢንጂነር» ብላ የሾመችው ሚስቱ ሑስና ናት፣ ያውም በተናደደች ቀን። ሹመት ሹመት ነውና እኛም አንቱ እንበላቸው።

ላፕቶፑ የጌም ምስል የሚያቀላጥፍ፣ ለብቻው የተገጠመ የግራፊክስ ካርድ የለውም፤ አብሮት በተሠራው ብቻ ነው የሚንፏቀቀው። እንዳይንቀራፈፍ ብለው ክቡር ኢንጂነሩ መጀመሪያ የተጫዋቾቹን ጥላ አጠፉ። «አዳማ ላይ እኛ ያላገኘነውን ጥላ እነሱ ምን ያደርጉታል?» አሉ። ቀጥለው ሣሩን፣ ከዚያ ተመልካቹን። አሁን ባዶ ስታዲየም ውስጥ ሃያ ሁለት ፊት አልባ ሰዎች ይራወጣሉ። «ወላሂ፣ የሚያጫውተው ሴቲንግ ነው እንጂ ካርድ አይደለም!» ይላሉ።

ሙቀቱን ግን በሴቲንግ ማጥፋት አልቻሉም። ላፕቶፑ ከጋለ ድርግም ይላል። ስለዚህ አየር ከሥሩ እንዲገባ አራት የሻይ ብርጭቆ ደፍተው እላዩ ላይ ያስቀምጡታል። የሑስናን ባለወርቅ ጠርዝ የእንግዳ ብርጭቆዎች! እንግዳ በፕላስቲክ ኩባያ ይጠጣል።

«እኔ ያገባሁት አንተን ነው እንጂ ይሄን ቆርቆሮ አይደለም!» ትላለች።

ባለፈው እሑድ ቀትር ላይ ጎረቤታቸው ብዙነህ ሊጫወት መጣ። ካርድ ያለው አዲስ ኮምፒዩተር ከገዛ ወዲህ አፉ አያርፍም።

«በዚህ ሙቀት አንድ ግጥሚያ አይጨርስም፣ ምን አለ በለኝ!»

የኢንጂነሩ ደም ፈላ። «ከጠፋ ለቆራሌው እሰጠዋለሁ! ሑስና፣ ምስክር ነሽ!»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ሑስና። ስንት ዓመት የጠበቀችው ቀን ነው።

ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ላፕቶፑ ማቃሰት ጀመረ። ሑስና ደስ እያላት ከጓዳ ብቅ አለች። ኢንጂነሩ አራት ለባዶ እየተመሩ ነው፤ እሳቸው ግን ውጤቱን ረስተው ላፕቶፑን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ። «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረህ፣ አይዞህ።»

አምና ታይፎይድ የጣላት ጊዜ ግንባሯን እየዳበሱ ልክ እንዲህ ነበር ያሏት።

ይባስ ብሎ ከውጭ «ቆራሌው!» የሚል ጥሪ ተሰማ። ሑስና በሩን ከፈተች።

«እለፍ ወንድሜ፣ እዚህ ቤት የሚሸጥ የለም!»

ከዚያ የእሳት ማራገቢያዋን ይዛ ላፕቶፑ አጠገብ ቁጭ አለችና እጇ እስኪዝል አራገበችለት። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ።

«አልጠፋም!» ብለው ኢንጂነሩ ዘለሉ፣ አምስት ለባዶ ተሸንፈው።

«ይሄማ አይቆጠርም!» አለ ብዙነህ። «እሷ አራግባለት ነው እኮ!»

ሑስና ላቧን ጠረገች። «አንተ ካርድ አለህ፤ እሱ ደግሞ እኔ አለሁለት።»