የኔታና «ጌት» የሚሉት ቃል

እንግሊዝኛ ውስጥ «ጌት» (get) እንደሚሉት ቃል ያለ ልፋተኛ አላየሁም። ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ጌት፣ ስትታመሙ ጌት፣ ከአውቶቡስ ስትወርዱ ጌት፣ ስታገቡ ጌት፣ ቀልድ ሲገባችሁም ጌት! ፈረንጆቹ ሌላ ቃል አልቆባቸው ነው እንዴ ትሉ ይሆናል። ቆይ፣ አትፍረዱ። እኛም «ያዘ» የሚባል አለን፤ ዝናብ ይይዘናል፣ ጉንፋን ይይዘናል፣ ፖሊስ ይይዘናል፣ የተከልነው ችግኝም ይይዛል። እናቴ ግን ይህን ሁሉ በዝርዝር አስጠንታኝ አታውቅም።

እኔ ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማችን እንግሊዝኛ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። «ጌት»ን የማስተምረው ትርጉሞቹን ከሰሌዳው ጥግ እስከ ጥግ ደርድሬ ነው። ተማሪው ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ይረሳል። እኔም «የዘንድሮ ልጆች ሰነፎች ናቸው» ብዬ ሻዬን እጠጣለሁ። ምን ላድርግ!

ስንዱ የምትባል ተማሪዬ ግን ሰነፍ አልነበረችም። አምና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ እንግሊዝኛው ነው ጎትቶ የጣላት። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። አባቷ አያ ደሳለኝ ዘንድሮ ደግማ እንድትፈተን ፈቀዱ፤ «ከወደቅሽ ግን ድንቹን አብረን እንኮተኩታለን፣ በቃ» አሏት። ዝርዝሬን ደብተር ሙሉ ገልብጣ፣ አልያዝ ብሏት ስታለቅስ ጎረቤቷ የቅኔ መምህሩ የኔታ ጥበቡ ሰሙ።

የኔታ ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት «ሀሎ»ን ነው፤ እሱንም ስልክ አስተምሯቸው። «ደብተሩን እዚህ አስቀምጪ» አሏት። «ቃሉን ብቻ ይዘሽ ውጪ፤ ከራስሽ ኑሮ አንድ ነገር ቁጠሪበትና ንገሪኝ።» የቅኔ ቤት ወጉ ይኸው ነው። ተማሪው ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ከራሱ አውጥቶ ይደረድራል፤ ከዚያ መጥቶ መምህሩ ፊት ይናገራል። የሌላ ሰው ከሆነ ይባረራል።

ይህን ስሰማ ንድድ አልኩ። በእኔ ሙያ! ላስቆም ወደ የኔታ ቤት ገስግሼ ሄድኩ። ስደርስ ስንዱ በእንግሊዝኛ ተናግራ ስታበቃ ነው።

«በአማርኛ ፍቺው» አሏት የኔታ።

«ልጁ ደብዳቤ ደረሰው ማለት ነው፣ የኔታ።»

«የማን ልጅ? ከየት የመጣ ደብዳቤ?»

ስንዱ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። «የሰው ነው፤ ሂጂ!» አሏት የኔታ።

ልጁ የእኔ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሌዳዬ ላይ ደብዳቤ ሲደርሰው የኖረ ልጅ! ማን እንደጻፈለት ጠይቄው አላውቅም።

ስንዱ ባሕር ዛፉ ሥር ብዙ ቆይታ ተመለሰች። «ውርጭ ድንቹን ሲመታው አባቴ ይከፋዋል» አለች፤ «ይከፋዋል» የሚለውን በጌት አድርጋ። የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «ልክ ነው፣ መምህር?»

«ልክ ነው፣ የኔታ» አልኩ። አፈርኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ። ላስቆም የሄድኩት ሰውዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ የየኔታ አራሚ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ያለ ደሞዝ።

ውጤት መጣ፤ ስንዱ አለፈች! አያ ደሳለኝ ማር ተሸክመው ከቤቴ ድረስ መጡ። «ልጄን አስተማሩልኝ መምህር፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው እስከ መሬት እጅ ነሡኝ። ማሩ ነጭ ነው። እንዴት እንዳማረኝ አልነግራችሁም።

«ያስተማሯትስ የኔታ ናቸው» አልኩ፣ ምራቄን ውጬ።

አያ ደሳለኝ የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። «ደሞ የኔታ እንግሊዝኛ ያውቃሉ እንዴ?»

«ኧረ አያውቁም» አልኳቸው። «የማውቀው እኔ ነበርኩ።»