ዜና መዋዕል ዘአራተኛ ክፍል፦ ሊፍት የገባችው ፍየል የተመረጠችበት ዓመት

በአራተኛ ክፍል ዙፋን በተቀመጡ በሰባተኛው ዓመት፣ በዘመነ ዳይሬክተር ባለ ፊሽካው፣ ዳስተር በጠፋበትና ጠመኔ ግማሽ ግማሹን በሚታደልበት ወራት፣ ጉሮሯቸው የማይደርቅ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው እንኳ ማስቲካ የሚያላምጠውን ለይተው የሚያውቁ፣ መዋኢተ ጫጫታ፣ ከሣቲተ መጽሐፍ፣ ይኸውም ጫጫታን ድል ነሺ፣ መጽሐፍን ገላጭ፣ ልጆች እትዬ መነጽር የሚሏቸው መምህርት የፈጸሙትን ገድል እኔ ጸሐፌ ትእዛዙ እጽፋለሁ፤ በደመወዝ መክፈያው ላይ ግን ማዕረጌ ታይፒስት ነው። የምጽፈውም በወሬ የሰማሁትን ሳይሆን በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ ጠረጴዛዬ ከመምህራን ማረፊያው በር አጠገብ ነውና፣ በሩም አይገጥምምና።

ወበውእቱ መዋዕል፣ ማለትም በዚያ ወራት፣ የአራተኛ ክፍል ሕዝብ በጽኑ ረኃብ ተይዞ ነበር፤ የእንጀራ ሳይሆን የታሪክ ረኃብ። ባለፈው ዓመት በክፍል አብረው እንዲያነቡት የተሰጣቸው፣ ለሁሉም የሚዳረስ ሌላ ነገር ከመጋዘን ስለጠፋ፣ ስለ ጥርስ አቦራረሽ የምታስረዳ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ነበረችና፣ ከፊት ጥርስ ወደ መንጋጋ፣ ከመንጋጋ ወደ ፊት ጥርስ ሲመላለሱ ከርመው፣ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ገና ከመጀመሪያው ስላወቁት፣ ንባብ የሚባለው ነገር እጅግ ንጹሕና እጅግ አሰልቺ መስሏቸው ቀረ። አንዲት የክፍሉ ልጅ ማንበብ ትወድ እንደሆነ ብትጠየቅ፣ አዎ፣ ጠዋትና ማታ ብላ መለሰች። እትዬ መነጽርም ይህን በሰሙ ጊዜ አንጀታቸው አረረ፣ ለእነዚህ ልጆች እውነተኛ ልብወለድ ሳላስነብብ ዓመቱ አያልቅም ብለውም ለራሳቸው ቃል ገቡ።

ከዚህም በኋላ የወላጆች ኮሚቴ ልቡ ራርቶ፣ የተመረጠ አንድ ልብወለድ፣ አንድ ብቻ፣ ለሦስት ልጅ አንድ እየሆነ እንዲገዛ ፈቀደ። ነገር ግን ደስታ ብቻውን አይመጣምና፣ በምሥራቁ ክንፍ የሚኖር፣ ማስመሪያ እንደ ጦር የሚሸከም፣ በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ የምትውለውን የንባብ ክፍለ ጊዜ ከልቡ የተመኘ የሒሳብ መምህር ተነሣ፤ ባለ ማስመሪያው ይባላል። እሱን አንቱ ማለት ለጊዜው ይቆየኝ፤ ጸሐፊም ሰው ነው፣ ቂም ይይዛል። ይህም ሰው ልጆቹ ማካፈል አልገባቸውም እያለ ዳይሬክተሩን ጠዋት በበር፣ ከሰዓት በመስኮት ሲጎተጉት ሰነበተ፤ ዳይሬክተሩም ጭቅጭቅ ሲሰለቻቸው ፊሽካቸውን ነፍተው እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦

«ስሙ እንግዲህ! እስከ ዓርብ የሻይ ዕረፍት ድረስ አንድ መጽሐፍ በሙሉ ድምፅ ካልተመረጠ፣ የንባቡ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ይሰጣል። ነገር ማንዛዛት አልወድም። አበቃ።»

ዓርብም እንደ ክፉ እንግዳ ሳይጠራ ደረሰ። እትዬ መነጽር በብብታቸው ሦስት ልብወለዶች ታጥቀው ወደ መምህራን ማረፊያው ገሠገሡ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነበር፦ በስተቀኝ ክዳኑ የጠፋ ቴርሞስ፣ በስተግራ አንድ እግሩ አጥሮ በካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ፣ በኋላ ደጀን ሆኖ የሚንቋቋ ወንበር፣ በላይም እየበራ የሚጠፋ አምፖል። ከነዚህ በቀር ወዳጅ አልነበራቸውም። በፊታቸው ግን መጽሐፍ የሚመርጠው ጉባኤ ተሰይሞ ነበር፤ እነርሱም ዳይሬክተሩ፣ የወላጆች ተወካይ የሆኑት ልብስ ሰፊው፣ ልበ ቡቡዋ የአንደኛ ክፍል መምህርትና ያ ባለ ማስመሪያው ነበሩ።

የዚህ ጉባኤ ሥርዓት ደግሞ ከአባቶች የመጣ ነው፤ መጽሐፍ ይመረመራል እንጂ አይነበብም። ዳይሬክተሩ ሽፋኑን ብቻ ያያሉ፤ እንግዳ ቢመጣ አያሳፍረንም ወይ ይላሉ። ልብስ ሰፊው ጥራዙን ወዲያና ወዲህ እየጎተቱ ስፌቱን ይፈትናሉ። የአንደኛ ክፍሏ መምህርት የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ገልጠው ሁሉም በሕይወት መኖሩን ያጣራሉ፤ ሰው ወይም እንስሳ ከጎደለ መሐረባቸው ይወጣል። ባለ ማስመሪያው ግን የገጹን ብዛት ለሴሚስተሩ ሳምንታት ያካፍላል፤ ቀሪ ካለው መጽሐፉ ወደቀ። ጉድ በል! እኔ እዚህ መሥሪያ ቤት ስገባ ፀጉሬ ጥቁር ነበር፤ እስከዚያች ዓርብ ድረስ ግን አንድም ሰው መሐሉን ሲገልጥ አላየሁም።

መጀመሪያ የቀረበው፣ በማለዳ ተነሥቶ ፊቱን ስለሚታጠብ፣ ታላላቆቹን ስለሚያከብርና ከዚያም ስለሚተኛ አንድ ጨዋ ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ ነበር። ሽፋኑ አማረ፣ ስፌቱ ጠና፣ የሞተም አልነበረም፤ ዳሩ ግን ሲካፈል ሦስት ገጽ ተረፈውና ወደቀ። እትዬ መነጽርም አላዘኑም፤ እሳቸው ራሳቸው ሲያነቡት ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ጥሏቸዋልና።

ሁለተኛው ስለ አንድ ያረጀ አህያ ነበር፤ ያለ ቀሪ ተካፈለ፣ ባለ ማስመሪያውም ጥርሱን ነከሰ። ነገር ግን የአንደኛ ክፍሏ መምህርት የመጨረሻውን ገጽ ቢገልጡ አህያው የለም፤ ወዲያው መሐረባቸውን አውጥተው እንዲህ የሚል አዋጅ አወጁ፦ «ውይ የኔ ምስኪን! እኔ ይሄንን ለሕፃን አላስነብብም። እንኳን ልጆቹ እኔም አልቻልኩት።» አህያው ግን ደህና ነበር፤ ገበያ ሄዶ ነው። ይህም ከመጨረሻው በፊት ባለው ገጽ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ማን ይየው!

ሦስተኛውም ቀረበ፤ የትልቅ ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ስለገባች ፍየል የሚተርክ፣ እትዬ መነጽር ከሁሉ አብልጠው የወደዱትና ለመጨረሻ ያስቀመጡት ነበር። ወዮ! ዳይሬክተሩ በሽፋኑ ላይ ያለችው ፍየል በቀጥታ እሳቸውን እያየች ስለመሰላቸው ተቀየሙ፤ ልብስ ሰፊው ክሩ ላልቷል አሉ፤ የአንደኛ ክፍሏ መምህርት ፍየሏ በመጨረሻ ቆማ ብትገኝም ከስታለች ብለው ተጠራጠሩ፤ ባለ ማስመሪያውም አካፍሎ አንድ ገጽ ቀሪ ብሎ ፈገግ አለ፣ እርሳሱንም አውጥቶ በግድግዳው የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ በንባብ ፈንታ ሒሳብ ብሎ መጻፍ ጀመረ። አንዲት ሴት ሦስት መጽሐፍ ይዛ ገብታ ባዶዋን ልትወጣ ነው ብዬ እኔም ከታይፕ ማሽኔ ኋላ ሆድ ባሰኝ።

መዋኢተ ጫጫታ ግን መነጽራቸውን ጠርገው መልሰው አጠለቁ፤ ቀጥ ብለውም ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ኧረ ስሙኝ! ይሄ መጽሐፍ ለመጎተት አልተጻፈም፣ ለማካፈልም አልተጻፈም። ልጆቹ እንደሚያነቡት አድርገን አንዲት ምዕራፍ እናንብብ። ከዚያ ጣይው ካላችሁኝ እጥለዋለሁ፤ ክፍለ ጊዜውንም ውሰዱት፣ ቃሌ ነው።»

በአራተኛ ክፍል ወግ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ይነበባል፤ የመካከለኛው ድምፅ ያወጣል፣ የግራው መስመሩን በጣቱ ይከተላል፣ የቀኙ ገጽ ይገልጣል፤ ከሦስቱ አንዱ ከዘነጋ ንባቡ ይቆማል። በዚህም ሕግ ዳይሬክተሩ ለድምፅ መሐል ተቀመጡ፤ ልብስ ሰፊው ጣታቸው ከመስመር አይወጣምና በግራ ሆኑ፤ ባለ ማስመሪያው እያጉረመረመ በቀኝ ተሰካ። ሦስት ጎልማሳ በአንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ሲጣበብ ማየት በራሱ ደመወዝ ነው።

ዳይሬክተሩ በመጀመሪያ የስብሰባ ጥሪ እንደሚያነቡ አድርገው አነበቡ። ነገር ግን ፍየሏ ጎመን የተሸከሙ አንዲት ወይዘሮን ተከትላ ሊፍት በገባች ጊዜ ድምፃቸው ላላ፤ በሩ በተዘጋባት ጊዜ ወደ መጽሐፉ ጎንበስ አሉ፤ በቀንዷ ቁልፎቹን ሁሉ ስትጫንና ሊፍቱ በየፎቁ እየቆመ ሲከፈት፣ በየፎቁም አንድ ባለ ከረባት ሹም ቆሞ ሲጠብቃት፣ እኚያ ፊሽካ ብቻ የምናውቅባቸው ሰው አንገታቸውን ዘርግተው እንደ ፍየል ጮኹ። እውነቴን ነው። ልብስ ሰፊው በሳቅ ጣታቸው ከመስመር ወጣ፤ የአንደኛ ክፍሏ መምህርትም መሐረባቸውን ለሌላ ዓይነት እንባ ተጠቀሙበት።

አሁን ደግሞ በመንግሥቱ ላይ የወረደውን ድንጋጤ ስሙ። ለዕረፍቱ ማብቂያ ደወል የሚመቱት ጋሼ ዘበኛ መዶሻቸውን ይዘው በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ የፍየል ድምፅ ሰምተው ቆሙ፤ በግቢ ውስጥ ፍየል ገብታ እንደሆነ ሊያጣሩ ጆሮአቸውን አስጠጉ፤ አጣሩም፤ አልሄዱምም። ደወል ስላልተመታ ዕረፍቱ አላለቀም፤ ሜዳውም ላይ ኳሱ ቀጠለ፣ ገመዱ ተዘለለ፣ ተጣልተው የነበሩ ታረቁ፣ ታርቀው የነበሩም እንደገና ለመጣላት ጊዜ አገኙ። በመጨረሻም በዚህ ትምህርት ቤት ታሪክ ተሰምቶ የማይታወቅ ነገር ሆነ፤ ተማሪዎች ደወል ፍለጋ መጡ። መጥተውም ጋሼ ዘበኛ በጣታቸው ዝም አሰኟቸውና በመስኮቱ ሥር ተኮለኮሉ፤ አራተኛ ክፍል ከፊት፣ የቀረውም ሕዝብ በእግር ጣቱ ቆሞ ከኋላ።

ሊፍቱ የመጨረሻው ፎቅ ደረሰ። በሩ መከፈት ጀመረ። እዚያ የሚጠብቃት ማን እንደሆነ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ነበር፤ ገጹም አልተገለጠም። ባለ ማስመሪያው አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ፍየሏ ላይ ተክሎ፣ እጁን ረስቶት ነበርና። ያን ጊዜ ከመስኮቱ ሥር በሕዝቡ ሁሉ አንደበት አንድ አዋጅ ወጣ፦ «ጋሼ፣ ይግለጡት እንጂ!»

ዳይሬክተሩ ቀና ብለው መስኮቱን የሞላውን ራስ አዩ፤ ቀጥለውም ሰዓታቸውን አዩ፤ ፊታቸውም ሊጥ መሰለ፤ ገጹም ሳይገለጥ መጽሐፉን ዘጉት። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እንደ ዋዛ አልፏል። የማን ክፍለ ጊዜ እንደነበረ ደግሞ ልንገራችሁ፤ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነበር፤ መምህሩም እዚያው በቀኝ በኩል ተሰክቶ ገጽ እየገለጠ በልቶታል። እኔም በልቤ እሰይ አልኩ፤ ይቅር ይበለኝ።

ድምፅ ይሰጥ በተባለ ጊዜ ሦስቱ እጃቸውን ወዲያው አወጡ። ባለ ማስመሪያው ግን ተነሥቶ በሰሌዳው ላይ የጻፈውን ሒሳብ የሚለውን ቃል በላጲስ አጠፋና እንዲህ አወጀ፦ «ይሁን፣ ተመርጣለች። አንድ ገጽ ቀሪ አለው ያልኩት ግን አሁንም ልክ ነው፤ ያቺን አንድ ገጽ በመጨረሻው ቀን ደርበው ያንብቧት።» ስለዚህም ቃላቸው ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ተሸንፎ የሚያጠፋ እጅ ይከበራል።

ነገር ግን ሰው ነገር ሲጀምር ልቡ አያርፍምና፣ ባለ ማስመሪያው ጉባኤው ሲበተን ወደ ኋላ ቀርተው፣ ለቅዳሜና እሑድ ብቻ ያቺን መጽሐፍ እንዲዋሱ ለመኑ። እትዬ መነጽርም በታላቅ ትሕትና፣ በታላቅ ጽናትም የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፦ «ይቅርታ ወንድሜ፤ ይሄ አብሮ የሚነበብ ነው፣ ቀድሞ የሚያነብ የለም። እኔም ከልጆቹ አላልፍም ብዬ መጨረሻውን አላየሁትም። ከፈለጉ ሐሙስ ይምጡ፣ ቦታ አለ።» ቁም ሣጥኑንም ቆለፉ።

ሐሙስም በሆነ ጊዜ አዲሶቹ መጻሕፍት ለሦስት አንድ ሆነው ታደሉ። በኋለኛው አግዳሚ ሁለት ልጆች ብቻ የተቀመጡበት አንድ ስፍራ ነበርና፣ ባለ ማስመሪያው የራሳቸውን የዕረፍት ክፍለ ጊዜ ትተው፣ ጉልበታቸው ከአገጫቸው ጋር እየተማከረ፣ በዚያ ተቀመጡ። ያን ያህል የተመኟትን የንባብ ክፍለ ጊዜ እነሆ አገኟት፤ እሷም እሳቸውን አገኘች። ልጆቹ ግን ያለፈውን አልረሱምና ገጽ መግለጡን ከለከሏቸው፤ መስመር በጣታቸው እንዲከተሉ ብቻ ፈቀዱላቸው፣ እሳቸውም እሺ አሉ።

እንግዲህ ሌሎች ነገሥታት አገር ያዙ፣ ወንዝ ተሻገሩ ተብሎ ይጻፍላቸው። እትዬ መነጽር ግን፣ መዋኢተ ጫጫታ፣ ከሣቲተ መጽሐፍ፣ የፍየል ጠበቃ፣ የሒሳብ ማራኪ፣ ከሳምንቱ ውስጥ አንዲት ክፍለ ጊዜ ያዙ፣ ማንም አልነጠቃቸውም። የእሳቸው ሠራዊት ዘውድ አይጭንም፣ አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል፤ የሐሙስ ደወል ሲመታ ግን ለመውጣት የሚሮጥ አይገኝበትም፣ ጋሼ ዘበኛን በመስኮት እያየ ያጉረመርማል እንጂ። ድምፃቸው አይዘጋ፣ መነጽራቸው አይሰበር፤ ስማቸውም ከሰሌዳ ቢጠፋ ከልጅ አፍ አይጥፋ።