ኬላ ላይ የሚያስተምረው መምህር

ያገኘውን ሁሉ ሳያስተምር የማያልፍ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ ዘንድ የተከራየው የሥነ ሕይወት መምህር እንዲያ ነበር። በደርግ ጊዜ ከወንዛዬ ፍል ውሃ አብረን ስንመለስ የባሕር ዳር ኬላ ጠባቂ የይለፍ ወረቀቴን ገለጠው።

«ማኅተሙ የታል፣ አባባ? ይታሰራሉ!» አለኝ።

ለካ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ፍል ውሃው አጥቦታል፤ ደነገጥሁ። መምህሩ ግን ማስተማር ጀመረ።

«ጓድ፣ በሰውነታችን ሂስቶን የሚባል ፕሮቲን አለ። አዲስ ሲሠራ ምልክት ይደረግበታል፤ ምልክቱ ወደ ሕዋሱ እምብርት ያስገባዋል። የዘር ክር ከተጠመጠመበት በኋላ ምልክቱ ይነሣለታል። እኒህም አባት ሚስትና ሰባት ልጅ የተጠመጠሙባቸው የከተማው ሰው ናቸው፤ ማኅተም ምን ያደርግላቸዋል?»

ጠባቂው ራሱን ያዘ። «አባባ፣ ሌላ ሳይጨምር ይዘውልኝ ይግቡ!»

ሂስቶንን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ግን እራቴን ከልጆቼ ጋር በላሁ፤ ለሂስቶንም ለመምህሩም ዕድሜ ይስጥልኝ።