የላፕቶፔ መርዶ

እናንተ ሰፈርስ ሳይጠሩት መጥቶ «አለቀለት!» የሚል ሰው አለ? እኛ ፒያሳ ጋሽ ታደሰ አሉልን።

ላፕቶፔ እንደ ካውያ እየጋለ ሲጠፋብኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጡ ስላለ ላብ አጠመቀኝ። ጋሽ ታደሰ በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ፕሮሰሰሩ አልቆለታል። እግዜር ያጽናሽ» አሉኝ።

በር ድረስ ሸኝቻቸው ስመለስ፣ እንደገና አብርቼ የተውኩት ላፕቶፕ እንደ ቴሌቪዥናችን ድርብ ዳንቴል ለብሷል።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«አቧራ እንዳይገባው ነዋ! ሁሌ ከአጠገቡ ስትነሺ አለብሰዋለሁ፤ ሳትመለሺ አነሳለታለሁ። ዛሬ ቀደምሽኝ እንጂ።»

ለካ ትንፋሽ አጥሮት ኖሯል! ዳንቴሉን ገፈፍኩለት፤ ቀዘቀዘ፤ ጽሑፌም ተረፈ። እፎይ!

የጋሽ ታደሰ ምርመራ ግን ይሳሳታል እንዴ? እስካሁን ጊዮርጊስ በር ላይ ሲያገኙኝ «አይዞሽ፣ ትረሺዋለሽ» ይሉኛል።